በሦስት ሰዓት ድረሽ

ሀብቴ፣

ከተለያየን ሰባት ወር ሆነን። ‹ሆነን› ስል አንተም ዘንድ ወር የሚቆጠር ይመስል። ምን ላድርግ፣ እስካሁን ‹እኛ› እያልኩ ነው የማወራው። በቀደም ሐኪም ቤት ‹እኛ እንኳ ጨው ብዙም አንበላም› ስል ሐኪሟ ከወረቀቷ ቀና ብላ አጠገቤ ያለውን ባዶ ወንበር አየችው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። ሰፈራችን ጋሉስ እንዳለ ነው። ትራሙ ጥጉ ላይ ሲታጠፍ ዛሬም ሲጢጥ ይላል። ልጃችን ሰምሃር ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ በቁመት በልጣኛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ መመለሷን አልተወችም፤ በቀልድ የምታስተዋት አንተ ብቻ ነበርክ። ኒደርራድ ያለው ስትንከባከበው የኖርከው ሕንፃ ሌላ ሃውስማይስተር፣ ሌላ ተንከባካቢ ይዟል። የቁልፎችህን ዘለላ ራሴ ወስጄ አስረከብኩት። ደግ ሰው ነው፤ በየቁልፉ ላይ በአማርኛ የለጠፍከውን ጽሑፍ አንብቢልኝ አለኝ። ቦይለር፣ ጣሪያ፣ የጓሮ በር እያልኩ አነበብኩለት። አንዱ ላይ ‹ይሄ ምንም አይከፍትም› ብለህ ጽፈሃል። ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ዞረብኝና ሰውየው ውኃ ሊያመጣልኝ ሄደ።

የምጽፍልህ ግን ይህን ለመንገር አይደለም። ሰባት ወር ሙሉ እየዞርኩ የሸሸሁት ነገር አለ።

ብስክሌት መንዳት ያስተማርከኝ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ያደገች ሴት ብስክሌት ላይ ምን ትሠራለች ብዬ ስከራከርህ፣ አስመራ ቢወለዱ ኖሮ እናትሽም ይነዱ ነበር ብለህ አሾፍክብኝ። ማይን ወንዝ ዳር ስንት ጊዜ ወደቅኩ። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ዛሬም አለ፤ አሁን አሁን በጣቴ ስነካው አገኘዋለሁ።

ከዚያ ርካሽ የቅዳሜና እሑድ የባቡር ቲኬት ወጣ ሲባል፣ ባቡር አምስት ጊዜ እየቀየርን፣ ብስክሌቶቹን በየደረጃው ተሸክመን፣ ወደ ሰሜን ባሕር መውረድ ጀመርን። ባሕሩን ከእርሻው የሚለየው ያ የአፈር ግድብ፣ ዳይሽ የሚሉት፣ ከሥሩ የጠጠር መንገድ ነበረው። በግራ ሣርና በግ፣ በቀኝ ገብስና የውኃ ቦይ። በጎቹ እንዳይወጡ በየኪሎ ሜትሩ የእንጨት በር አለ፤ አንተ ትከፍታለህ፣ እኔ አልፋለሁ፣ አንተ ትዘጋለህ። ነፋሱ ሁልጊዜ ከፊት ነው፤ ስንመለስ ደግሞ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ያኔም ከፊት ነው። አንድ ጊዜ ጎማዬ ፈንድቶ የውስጡን ጎማ፣ ካላማዳሪያውን፣ አውጥተህ ማስቲሽ ስትቀባ፣ አንዲት በግ የቀሚሴን ጫፍ ስታኝክ ቆይታ ኖሮ፣ እኔ ስጮህ አንተ ከሳቅህ የተነሳ ሙጫውን ጣትህ ላይ አደረቅከው።

አስፋልት አትወድም ነበር። ሁልጊዜ ከፊት ከፊት ትነዳለህ፤ አንድም ቀን ግን ዞረህ አላየኸኝም። ተናድጄ ብወድቅስ ስልህ፣ መዞር አያስፈልገኝም፣ ጠጠሩ ይነግረኛል አልከኝ። ከኋላህ የጎማዬን ድምፅ ትሰማ ነበር። ድምፁ ሲቀንስ ቀስ ትላለህ፣ ሲጠፋ ትቆማለህ።

ሰዓትንም በተመለከተ ሕግ ነበረህ። መሥሪያ ቤትና ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ በጀርመን ሰዓት፣ ብስክሌት በአበሻ ሰዓት። ባቡሩ ከዋናው ጣቢያ ሲነቃነቅ የእጅ ሰዓትህን ታወልቅና ስድስት ሰዓት ታዞረዋለህ። ለአንተ ዕረፍት የሚጀምረው በዚያች ደቂቃ ነው። በሁለት ሰዓት ተነሡ፣ በስድስት ሰዓት ምሳ ትለናለህ፤ ሰምሃር እየተነጫነጨች በጣቷ ስትደምር እንስቅባት ነበር። ከእሷ በፊት የምሳሳት እኔ መሆኔን ማን ገመተ።

ባለፈው በጋ የመጨረሻው በር ጋ ስንደርስ፣ መንገዱ የሚያልቅበት፣ ለመርከቦች የሚያበራው የመብራት ማማ ጋ ለመድረስ ጥቂት ነበር የቀረን። እኔ ነኝ ይብቃን ያልኩት። እግሬን አሞኝ አልነበረም ሀብቴ፤ ነፋሱ ሰልችቶኝ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ይቆየን አልክና በሩን ሳትከፍተው ብስክሌትህን አዞርክ።

ሆስፒታል የገባህ ቀን ማምሻውን ደወልክልኝ። የስልክ ካርድህ ሊያልቅ ነበር፣ አንተ ግን ስለ ሕመምህ አንድ ቃል አላወራህም። ስወጣ ያቺን የቀረችውን መንገድ እንጨርሳለን፣ ማማው ሥር ቁጭ ብለን ዳቦ እንበላለን፣ ለአንቺ ሰፊ ኮርቻ እገዛልሻለሁ አልከኝ። ከዚያ፣ «ነገ በሦስት ሰዓት ድረሽ» አልክ። እሺ አልኩ። ካርዱም አለቀ።

ኦፕሬሽኑ ነገ በቀኑ ውስጥ ይሆናል ተብለን ነበር፣ ሰዓቱን አልነገሩንም። የጠያቂ ሰዓት ደግሞ በጀርመን ሰዓት ከቀትር በኋላ በሦስት ይጀምራል። ስለዚህ ሦስት ስትል የሆስፒታሉን ሦስት መሰለኝ። ጠዋት ወደ ሥራዬ፣ ወደ አረጋውያኑ መጦሪያ ቤት ሄድኩ። ሽማግሌዎቼን አጠብኩ፣ አልጋቸውን አነጠፍኩ። ከሆስፒታሉ ቤት ሲደውሉልኝ ስልኩን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። ከቀትር በኋላ በሦስት፣ ሙዝ ይዤ፣ አንዲት ደቂቃ ሳላዛንፍ ደረስኩ። በሰዓቴ በመድረሴ ደስ ብሎኝ ነበር።

አልጋህ ተነጥፎ ነበር። ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። ጠዋት፣ በጀርመን ሰዓት አሥር ላይ አስገብተውሃል፤ ልብህ መካከል ላይ ደከመና ቆመ። ማንም አላጠፋም፤ እሱም ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ዕቃህን በከረጢት ሰጡኝ፤ መነጽርህ፣ ቁልፍህ፣ የእጅ ሰዓትህ። ሰዓቱ ዘጠኝ ይላል። ተበላሽቷል ብዬ ጆሮዬ ላይ አስጠጋሁት፣ ይሠራል። አጠገብህ ተኝቶ የነበረው ጀርመናዊ ሽማግሌ ያኔ ተናገረ። ባለቤትዎ ጠዋት በሩን በሩን ሲያይ ነበር አለኝ። ሰዓት ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅህ ፈገግ ብለህ ሦስት ነው አልከው፤ በግድግዳው ሰዓት ግን ዘጠኝ ነበር። መድኃኒቱ ያዞረህ መስሎት አለፈው።

አየህ፣ ዕረፍት ጀምረህ ነበር። ሰዓትህን አዙረህ ነበር። ስለ ጠጠሩ መንገድ፣ ስለ ማማው፣ ስለ ኮርቻው አውርተህ ስታበቃ ሦስት ሰዓት አልከኝ። የትኛው ሦስት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ሕጉን አውቀዋለሁ። አሥር ዓመት ስቄበታለሁ።

ለሰምሃር አልነገርኳትም ነበር። ማማ፣ ጠዋት አብረሽው ነበርሽ አይደል ስትለኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን አዎ ብላ ወሰደችው። ስድስት ወር በዚያ ውሸት ኖርን።

ባለፈው ወር ሁለታችን ወደ ባሕሩ ሄድን። የቤቱ አስተዳደር ኬለሩን፣ የምድር ቤቱን ዕቃ ማስቀመጫ፣ አጽዱ ብሎ ጽፎ ነበር፤ ብስክሌትህን አውጥተን ከምንጥለው ሰምሃር ትንዳው ተባባልን። ኮርቻውን ትንሽ ዝቅ አደረግንላት። ባቡሩ ሲነቃነቅ ሰዓትህን ተመለከትኩት። መዞር አላስፈለገውም፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ አልነካሁትም።

ሀብቴ፣ መንገዱን አስፋልት አድርገውታል። ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው፣ ጥቁርና ለስላሳ። ከፊት የምነዳው እኔ ነበርኩ፤ ከኋላዬ ምንም አይሰማም። በየደቂቃው እየዞርኩ ልጅቱን አያለሁ። እሷም ተሰላችታ ምንድን ነው የምታዪኝ አለች።

የመጨረሻው በር ጋ ቆመን ነገርኳት። በአማርኛ ጀመርኩ፣ መሐል ላይ ቃል አጣሁ፣ በጀርመንኛ ጨረስኩት። አልጮኸችም። ወደ በጎቹ ዞራ «አላይን?» አለች፣ ብቻውን ነበር? ለማለት። አዎ አልኳት። ይቅር አላለችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ሳንቃውን ልገፋ ስል፣ «ማማ፣ ዳስ ብሪንግት ኒሽትስ» አለችኝ፤ ምንም አይጠቅምም ማለቷ ነው። ልክ ናት። ማማው ከዚያ ይታያል። ያን ያህል ቅርብ መሆኑን ባለፈው ዓመት አላስተዋልኩም ነበር። ብስክሌቶቻችንን አዙረን ተመለስን፣ ነፋሱም ከፊት ነበር።

አሁን ቤት ውስጥ በደግነት ታናግረኛለች፣ እንግዳ እንደሚያናግሩት። ይህ እንዲቀየር እጸልያለሁ፤ እንደሚቀየር ግን አላምንም። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

ሰዓትህን እጄ ላይ አስሬዋለሁ። ሥራ ቦታ ሰዓት ሲጠይቁኝ ስሳሳት ይስቁብኛል፤ አላስረዳቸውም። አላዞረውም፣ ባትሪው ሲያልቅም በራሱ ሰዓት እንደገና አስነሣዋለሁ። በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሲል፣ የማንንም ሽማግሌ ትራስ እያቃናሁ ብሆን፣ እጄን አቁሜ ወደ በሩ አያለሁ። እስክሞት እንዲሁ አደርጋለሁ። የምችለው ይህንኑ ብቻ ነው፣ እሱም ለአንተ አይደርስህም።

ድረሽ ብለኸኝ ነበር። ደርሻለሁ ሀብቴ፤ የዘገየሁት ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር።

ጽጌ