ሊቀመንበሩ ረቡዕ ምን ይበላሉ?

አስካለ ዓለሜ፣

«አስካለ ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት ደግሞ ማን ይበላል?» አለች አንዲት ሴት፣ ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ቆማ። ጥያቄ መሰለኝ። ቤት ገብቼ እርሳስ ቀረጽኩና መልሱን መጻፍ ጀመርኩ።

ከተለየሽን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ጣሪያው አሁንም በበሩ በኩል ያፈሳል። የተከልሽው ጤና አዳም ውሃ እየረሳሁበትም አልሞት ብሏል። ትልቁ ወሬ ግን የልጃችን ነው፤ ሂሩት ቡልጋሪያ ሄዳ እርሻ እንድትማር ዕድል አገኘች። ዓርብ ጠዋት ትሄዳለች ተባለ፤ ከወረቀቱ ሁሉ የቀረው የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር። እሱ ከሌለ ጉዞ የለም። ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም። ይኼን ወረቀት ከአንቺ ሌላ ማን እንደሚያነበው አላውቅም።

መላውን ያመጣችው እህትሽ ብርቄ ናት። «አንተ ደግሞ፣ እዚያ በር ላይ ከምትገተር ለልጅቷ መሸኛ ደግሰህ አትጠራቸውም? ሰው ሲጠግብ ማህተሙ አይጠፋበትም» አለችኝ። በአራተኛው አገኘኋቸውና ጠራኋቸው። ማስታወሻቸውን ገልጠው፣ ከስብሰባ ነፃ የሆኑት ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። «የደብዳቤውንም ነገር ያን ዕለት እናየዋለን» አሉ። «እናየዋለን» የሚለውን ቃል ስንት ቀን እንዳመነዠክሁት አትጠይቂኝ።

ረቡዕ፣ አስኩ። ጾም።

አንቺ ብትኖሪ ሽንኩርት እየከተፍሽ የምትፈቺው ነገር ነው። ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን የማንን እርድ እንደማይነካ፣ ማን በይሉኝታ በልቶ እንደሚታመም ሁሉንም በልብሽ ይዘሽ ሄድሽ። አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽልኝም። መጻሕፍቴን አገላበጥኩ። ስለ ተቃራኒዎች አንድነትና ትግል የሚያትት ወፍራም መጽሐፍ አለኝ፤ የንስሐ አባትና የቀበሌ ሊቀመንበር አንድ ማዕድ ላይ ሲቀመጡ ምን እንደሚቀርብ ግን አይናገርም።

ስለዚህ ራሴ ጻፍኩት። የንስሐ አባታችን መምሬ ታደለ ከቁስቋም ይወርዳሉ፤ ጿሚ ናቸው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘህራ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ብርቄ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ረቡዕን አትጾምም፤ ጠላ ግን አትቀምስም፣ ማዕድ ሲቀርብም ድምፅ አውጥታ ትጸልያለች። የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ደግሞ ድምጿ ጨምሯል። ሽሮና ምስር ካቀረብኩ ሦስቱም ይበላሉ። ሦስቱን ሃይማኖት ሽሮ አስማማልኝ። የቀረኝ መንግሥት ነበር።

ሊቀመንበሩ ሽሮ ሜዳ አንድ ምርቃት ላይ፣ በጾም ቀን የቀረበላቸውን ሽሮ ገፋ አድርገው «ይኼን ለቄስ ስጡት፤ እኔ ነቅቻለሁ» ማለታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሽሮ ባቀርብላቸው አድኃሪ ቤት ሊባል ነው፤ ሂሩትም ጉለሌ ልትቀር ነው። እንግዲህ ዶሮ። ዶሮውን ብርቄ፣ ሽሮውንና ምስሩን ሂሩት ሊሠሩ ተስማማን። ዘህራ በአጥር በኩል ብቅ ብላ «አደራህን ማማሰያውን ለይ» አለችኝ። «የዶሮው ሽሮው ውስጥ ከገባ እኔም አልበላ፣ ቄሱም አይበሉ።» የዶሮው ማማሰያ ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት። ቀይ የመረጥኩት ለሊቀመንበሩ ክብር ነው።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ብርቄ ልብሷን ልትቀይር፣ ሂሩት ወንበር ልትዋስ ወጡ። እኔ ድስት ጠባቂ ሆንኩ። ዶሮውን እያማሰልኩ ሳለ ሽሮው ገንፍሎ እሳቱን ሊያጠፋው ሆነ። ዞር ብዬ አማሰልኩት። ደጋግሜ አማሰልኩት። ከዚያ እጄን አየሁ፤ ቀዩ ክር መዳፌ ውስጥ ነው።

የሽሮውን ድስት ከድኜ መኝታ ቤት ደበቅኩት። ሂሩት ስትመለስ ነገርኳት። እንዲዳረስ ምስሩ ላይ ውሃ ጨመረችበት።

እንግዶቹ መጡ። መምሬ ባረኩ። ብርቄ ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔም ሊቀመንበሩን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ዘህራና መምሬ ምስሩን ጀመሩ። የዶሮውን ክዳን ሊቀመንበሩ ፊት አነሳሁ። ረጅም ጊዜ አዩት። «ጓድ፣ ሐኪም ዶሮ ከልክሎኛል» አሉ፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «እጄን ልታጠብ» ብለውም ተነሱ። በቃ አለቀልን አልኩ።

ተከተልኳቸው። የገቡት መኝታ ቤት ነው። በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ» አሉኝ። ጋሼ ብለውኝ አያውቁም። «አስካለ ረቡዕ ረቡዕ እዚህ ታበላኝ ነበር፤ በጓሮ በር እየገባሁ። ነፍሷን ይማርና። ይኼ ሽሮ ነው?»

ክዳኑን አንስተውት ነበር።

ምን ልበላቸው፣ አስኩ? «አይብሉት፣ ቅቤ ነክቶታል» ብላቸው፣ መጾምዎን አውቃለሁ ማለቴ ነው። የሚጾም ሊቀመንበር ሥልጣኑም ራሱም አይሰነብትም፤ መጾሙን የሚያውቅ እንደ እኔ ያለ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ደግሞ ከእሱም ቀድሞ ይጠፋል። ሂሩት በግድግዳው ማዶ ሳህን ታነሳለች። እንጀራ አቀረብኩላቸው።

ቆመው በሉ። «አይ የእሷ ሽሮ! እንዲህ ነበር የሚጣፍጠው» አሉ። ይጣፍጣላ። ከዚያ እጃቸውን ጠራርገው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ደብዳቤውን ከነካርቦን ቅጂው አወጡና ሰጡኝ። «ልጅቷን በርቺ በልልኝ» ብለው ወደ እንግዶቹ ተመለሱ፤ ስለ ጨጓራ በሽታም ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ።

ሂሩት ዓርብ ሄደች። እስካሁን ደብዳቤዋ አልደረሰኝም፤ ፖስታ ቤት በቀን ሁለቴ እሄዳለሁ። እዚያ ምን እንደምትበላም አላውቅም።

እኔ ማተሚያ ቤት የሰው ስህተት ሳርም፣ አንቺ እዚህ የሰው ጾም ትደብቂ ነበር። ለእኔም አልነገርሽኝም። አልተቀየምኩም፤ ብትነግሪኝ እፈራ እንደነበር ታውቂያለሽ። የያዝሽውን ምስጢር እኔም ይዤዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ረቡዕ የመጣ ቁጥር አንቺን አስባለሁ፤ ሰውየው ዳግመኛ ከመጡም በአንቺ ስም አበላቸዋለሁ፣ በንጹሕ ድስት።

ትናንት የደብዳቤውን ቅጂ ሳስቀምጥ ቀኑን አየሁት። የተፈረመው እኔ ለግብዣ ልጠራቸው ከመሄዴ በፊት ነው።