ጠንበለል እየሸተትኩ ለቅሶ ቤት

ማክሰኞ

ምን ነካኝ? እጄን እንኳ ሳልታጠብ!

ጠዋት ለዳባቷ ሙሽራ የፀጉር ቅባት እያዘጋጀሁ ነበር። የጠንበለሉን አበባ ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ስነክር ጎረቤቴ ሰዓዳ በሩን በርግዳ ገባች። "የሐያት ባል ሰይድ ሞተ! መኪናው መካነ ብርሃን መንገድ ላይ ተገለበጠ!"

ሐያት አብሮ አደጌ ናት። ሻርፔን ጣል አድርጌ ሮጥኩ። ቤቱ በሴቶች ሞልቷል። ሐያትን ሳቅፋት የእጄ ሽታ ክፍሉን አጥለቀለቀው። ጠንበለል የሙሽራ ነው፤ ለቅሶ ላይ ማን ይቀባዋል? ሐያት ድንገት ቀና ብላ ወደ በሩ አየች። ከዚያ ጮኸች።

አክስቷ እማማ ፋጡማ ክንዴን ያዙኝ። "አንቺ፣ ሰርግ መጣሽ እንዴ?"

ሁሉም ሰማ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ረቡዕ

በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ ታጠብኩ። አይለቅም። ወይም ለእኔ ብቻ ነው የሚሸተኝ።

ባሌ ከለቅሶው ሲመለስ "ሐያት ጠየቀችሽ" አለኝ። ለወቀሳ ይሁን ለሌላ፣ ለመጠየቅ ፈራሁ። "አሞኛል በልልኝ" አልኩት። በሰው ሐዘን ላይ ውሸት ጨመርኩ።

ሐሙስ

የሙሽራዋ እናት ከዳባት መጡ። ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱና "አላህ እጅሽን ይባርከው" አሉኝ። አቀረቀርኩ። ከእናቴ የወረስኩት ሙያ ነው፤ ኩራቴ ነበር። በሐያት ሰርግም ፀጉሯን የቀባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ምርቃቱ እንደ ስድብ ሆነብኝ።

ገበያ መውጣት አፍሬ ወጡን ያለ ሽንኩርት ሠራሁት።

ቅዳሜ

ሄድኩ።

እማማ ፋጡማ አዩኝና ጠጋ አሉልኝ። ይቅር ብለውኝ ይሁን ሰው በዝቶ፣ እንጃ።

ሐያት አንገቴን ስባ በጆሮዬ "ያን ቀን እኮ ሰይድ የገባ መስሎኝ ነው" አለችኝ።

ለየዒዱ ከእኔ የጠንበለል ቅባት የሚወስድላት እሱ ነበር። ክዳኑን አያጠብቅም፣ ኪሱ ይርሳል፤ ገና ከበር ሳያልፍ ይሸታታል። እኔ አራት ቀን ሙሉ የፈራሁት የሰው አፍ ነበር። ያደረግኩባት ይህን ነው ለካ።

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"የሐዘን ወራቴ፣ ዒዳዬ እስኪያልቅ ያን ሽታ ይዘሽ እንዳትመጪብኝ።" እጄን ጨበጠች። "ነገ ግን ነይ። ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር ብቻዬን አትተዪኝ።"

በጠዋት እሄዳለሁ።