ያላሳወቅኩት አንድ ዓመት

ማርች 4
ነፋሱ ጀልባዎቹን ስላላስገባቸው የአሣ ፋብሪካው ግማሽ ቀን ብቻ ሠራ። ሩዝ ጥጄ የአሜሪካ ዜግነት ፎርሙን ዘረጋሁት። ስም... የትውልድ ቦታ፣ ኢሎይሎ፣ ፊሊፒንስ... ቁመት... እንደ ውኃ ፈሰሰልኝ። "ፎርሙ ከባድ ነው" የሚሉት ለምንድን ነው? እያልኩ ኮራሁ።

ከዚያ የታክሱ ጥያቄ መጣ። ግሪን ካርድ ካገኙ ወዲህ ታክስ ሳያሳውቁ የቀሩበት ጊዜ አለ? አዎ፣ የለም።

ሦስቴ አነበብኩት። ሩዙ አረረ።

ማርች 5
ማናንግ (እትዬ እንደማለት ነው) ፓሲንግ አሣ በምንቆርጥበት መስመር ላይ አጠገቤ ነው የምትቆመው። ዜግነቷን ካገኘች አሥራ አንድ ዓመት ስለሆናት የማታውቀው ነገር የለም፤ ባታውቅም ታውቃለች። ቢላዋዋን እንደጨበጠች የቃለ መጠይቁ ጠያቂ ሆነችልኝ።

"ታክስ አላሳወቅሽም?"

"አዎ።"

"አላሳወቅኩም ነው የምትዪኝ?"

"አዎ... ማለቴ የለም።"

"የለም ምን?"

"ማናንግ፣ አንቺ ራስሽ ምን እንደጠየቅሽኝ ታውቂያለሽ?"

አሣው እኛን ትቶ አለፈ፣ ኃላፊው ጮኸ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እኛ አገር "አልበላሽም?" ሲሉሽ "አዎ" ትያለሽ፣ አልበላሁም ማለት ነው፣ ሩዝ ይቀርብልሻል። እዚህ ግን እንዲህ ብትመልሺ ጾምሽን ታድሪያለሽ።

አስቂኙ ነገር... የእኔ ትክክለኛ መልስ "አዎ" መሆኑ ነው። የመጣሁት ኖቬምበር ላይ ነበር። በዚያ ዓመት የሠራሁት ሦስት ሳምንት ነው። "ለዚህች ማን ይጠይቅሻል?" ብለውኝ ሳላሳውቅ ቀረሁ።

ማርች 6
ለማናንግ ነገርኳት። ጓንቷን አወለቀች፤ ጓንት ካወለቀች ነገሩ ከባድ ነው።

"ኢንዳይ እህቴ፣ የለም በይና ተገላገዪ። አዎ ካልሽ ወረቀት አምጪ ይሉሻል። አንቺ ወረቀት ስትፈልጊ ልጅቷ ታረጃለች።"

ልክ ናት። ልጄ ክሪሲ ሴፕቴምበር 19 ሃያ አንድ ይሞላታል። ከዚያ በፊት የዜግነት መሐላ ከማልኩ ወደዚህ እንድትመጣ ያስገባሁላት ማመልከቻ በልጅነት ይታያል፣ ቶሎ ትመጣለች። አንድ ቀን ካለፈ ግን ከትልልቆቹ ሰልፍ ትገባለች። የማናንግ የወንድም ልጅ በዚያ ሰልፍ አሥራ ሁለት ዓመት ቆሞ ጸጉሩ ሸበተ።

እኔ ስመጣ እናቴ ታማ ነበር። ክሪሲን "አንቺ ከአያትሽ ጋር ቆዪ" አልኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።

ማርች 9
ክሪሲ ደወለች። ሁሉን ነገርኳት። ሳቀች።

"ናናይ፣ ለአንዲት ማንጎ ዋሸሽ ብለሽ ጎረቤት ወስደሽ ይቅርታ ያስጠየቅሽኝ ትዝ ይልሻል? ሰፈሩ በሙሉ እያየኝ! አሁን አንቺ ልትዋሺ ነው? ማነው አንቺን ጎረቤት የሚወስድሽ?"

"አንቺ ባለጌ! ለአንቺ ብዬ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ደስ ያለሽን ጻፊ ናናይ። እኔ እንደሆነ መጠበቅ ለምጃለሁ።"

መጠበቅ ለምጃለሁ አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ምክንያቱንም በአራት መስመር ጻፍኩ። ጽሑፌ ያምራል።

ማርች 10
ፎርሙ ፖስታ ቤት ገባ። ማናንግ እስከ ምሳ ድረስ አኮረፈችኝ። ምሳ ላይ "ልጅሽን በአንድ ምልክት ሸጥሻት" አለችና የደረቅ አሣዋን ግማሽ ሰጠችኝ።

ጁን 21
ምንም መልስ የለም። ሳልሞን አሣው ሳይቀር በሰዓቱ መጣ።

ጁላይ 15
መጣ! ቃለ መጠይቅ፣ ኦገስት 22፣ አንኮሬጅ ከተማ። ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ቀን ይቀረኛል... ይበቃ ይሆን?

ኦገስት 22
አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ከማናንግ የተዋስኩት ጫማ እግሬን ልጦታል። ምንም አልመሰለኝም።

ጠያቂዋ ጉንፋን የያዛት ባለመነጽር ሴት ናት። ከዚያ ታክሱ ጋ ደረሰች።

"ታክስ ሳያሳውቁ የቀሩበት ጊዜ አለ?"

"አዎ።"

ቀና አለች። "አዎ ሲሉ... አሳውቄያለሁ ማለትዎ ነው?"

"አይደለም። አዎ፣ አላሳወቅኩም። አንድ ዓመት፣ የመጣሁበትን። ሦስት ሳምንት ነው የሠራሁት።"

ከታክስ መሥሪያ ቤት ያመጣሁትን ወረቀት አዞረችልኝ። ያንን ዓመት በእርሳስ ከብባዋለች። "ባዶ ስለሆነ ልጠይቅዎ ነበር። የለም ብለው ቢሆን ኖሮ ማብራሪያ እስኪልኩ ፋይልዎ ሁለት ሦስት ወር ይቆም ነበር። ለዚህ ያህል ገቢ ደግሞ የማሳወቅ ግዴታ አልነበረብዎትም።"

ግዴታ አልነበረብኝም! ስድስት ወር ያስጨነቀኝ ነገር!

"መሐላው መቼ ነው?" አልኳት።

"ኦክቶበር።"

ስለ ክሪሲ ነገርኳት፤ ምን ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም። ተነስታ ወጣች። ስትመለስ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ "ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ መሐላ አለ። አንድ ሰው ቀርቷል። መቆየት ይችላሉ?" አለችኝ።

መቆየት ትለኛለች! ስድስት ዓመት የቆየሁትን!

ቀኝ እጄን ሳነሳ ጥፍሬ ሥር የአሣ ቅርፊት አየሁ። አላፈርኩም።

ወጥቼ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል፣ ዶሮዎቹ ይሰማሉ። ስሟን ጠርቼ ማልቀስ ጀመርኩ።

"ናናይ? ምን አሉሽ? ናናይ፣ አልተሳካም?"

"አዎ!"

ለቅሶዋን ለቀቀችው። "አይ አይ፣ አዎ ማለቴ ተሳክቷል! ተሳክቷል!" እያልኩ መንገድ ላይ ጮህኩ። አንድ ሽማግሌ ቆም ብሎ ባርኔጣውን አነሳልኝ።

ሴፕቴምበር 19
ማናንግ የአገራችንን ፓስታ፣ ፓንሲትን፣ ሠርታ መስመሩን በሙሉ አበላች። "ከመጀመሪያው አዎ በይ ብያት ነበር" ትላለች ለሰው ሁሉ። ተውኳት።

ባለፈው ዓመት ክሪሲን "እንኳን ተወለድሽ" ስላት ድምፄ ተሰብሮ ነበር። ይቺን ቀን ስንት ጊዜ በካሌንደር ላይ በእጄ ሸፍኛታለሁ! ዛሬ ልጄ ሃያ አንድ ዓመት ሞላት።

ይሙላት!