ሁለት ሰው የነካው ፋይል

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ
እንደ ወትሮው ያለ ቀን። ለሕፃናት ሆስፒታል የምንሠራው የመድኃኒት መጠን ማስያ ርክክቡ ሰኞ ነው። ከምሳ በፊት ሥራዬን ከዋናው ኮድ ጋር ላዋህድ ስል ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ግጭት። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ፣ የመንታዎቹ እናት፣ እኔ የነካሁትን መስመር ነክታዋለች። የእኔንና የእሷን ከላይና ከታች ደርድሮ ምረጥ ይላል። የእኔን መረጥኩ። ሳላነብ? ሳላነብ... ርቦኝ ነበር።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ
የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ልትፈትሽ መጣች። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ልጅ ብላ አስገባች። ማስያው ለአዋቂ ከሚፈቀደው በላይ አዘዘ።
«ልጁ እውነተኛ ቢሆንስ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ።
መጠኑ ከአዋቂው እንዳያልፍ የሚያግደው ገደብ የት ሄደ? ማክሰኞ የጣልኩት የባልደረባዬ መስመር እሱ ነበር። አለቃችን ወደ መንታዎቹ እናት ዞሮ ገደቡን ረስታው እንደሆነ ጠየቃት። አጣራለሁ አለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ... ዝም። ማን ምን እንደመረጠ ኮምፒውተሩ ላይ በስምና በሰዓት ተመዝግቧል። መዝገቡን ከፍታ ለአለቃችን ብታሳየው ኖሮ?

ኅዳር 7፣ ዓርብ
ማልጄ ገብቼ የመንታዎቹን እናት ጠበቅኋት። ነገርኳት።
«ትናንት አይቼዋለሁ» አለች ቦርሳዋን እያስቀመጠች። «ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው።»
«ባልናገርስ?»
«እስከ ምሳ ነበር የምታገሥህ። ከዚያ ጉድህን አፈላው ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል... በል ወንበርህን ሳብ አድርግ።»
መስመር በመስመር አነበብን። የእሷን ብቻ ብንመልስ ኖሮ መጠኑን ወደ ሙሉ ቁጥር ከፍ የሚያደርገው የእኔ ማጠጋጊያ ገደቡን መልሶ ያልፈው ነበር። ማጠጋጋቱ ይቅደም፣ ገደቡ ይከተል። ከሁለታችን አንዳችንም ብቻችንን አልደረስንበትም። ከዚያ አለቃው ቢሮ ገብቼ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ተናገርኩ። ተቆጣ፤ ልክ ነው። እሷንም ይቅርታ ጠየቃት። ከሰዓት ፋርማሲስቷ ያንኑ ስድሳ ኪሎ አስገባች። ገደቡ ላይ ቆመ።
ምን ብዬ ላመስግናት? አመሰግናለሁ ብቻ አልኩ። አነሰኝ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ
ዛሬ ደግሞ ግጭት። ሦስት መስመር ብቻ። የመንታዎቹ እናት የለችም፣ ልጆቿን አሟቸው ቀርታለች። የእሷን መስመር ሁለቴ አነበብኩት። ለምን እንዲህ እንዳደረገችው አልገባኝም። አለቃው እስከ ማታ ያልቃል ወይ አለ። ነገ አልኩት፣ ምክንያቱንም ነገርኩት። ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ሄደ።
ግጭቱ ሳይፈታ ያድራል። ይደር።