በሩ ላይ የሚቆም ሰው

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ መንቋቋቱን ተወ ወይስ አሁንም እንደ አሮጌ አልጋ ሲጢጥ ይላል? እማዬስ? ዓይኗ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደ ድሮው ያያል ብለሽ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፤ በኋላ ደግሞ አንቺን አሰብኩና ሳቅሁ። እንግዲህ የቤቱን አቧራ ሁሉ አንድ በአንድ እየጠቆመች መከራሽን ታሳይሽ ይሆናል። ጋሼንስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ አደጉ? እዚያ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ በየተራ በዓይነ ሕሊናዬ አቅርቤ ሰላም ብያለሁ፤ አንቺን ግን ሁለት ጊዜ።

እኛ ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ ድምቡሼ፣ አንቺ ያወጣሽላት ስም ብቻ ቀረላት እንጂ ሰውነቷ ክር መስሏል። ቁመቷ ትከሻዬን አልፎ ጆሮዬ ጋ ደርሷል፤ ጫማዬንም ሳታስፈቅድ ታደርጋለች። እኔም ሥራዬ ላይ አለሁ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደ በፊቱ እንፋሎቱ ፊት ይቀቅላል፤ ከዚያ ወደ ውጭ ስወጣ ብርዱ ይቀበለኛል። አንዱ ሲያፈላኝ ሌላው ሲያቀዘቅዘኝ ቆዳዬ ግራ ገብቶታል።

ደብዳቤ የምጽፍልሽ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ብቻ አይደለም። በስልክ ሲሆን ገና አፌን ስከፍት ትቆጪኛለሽ። ባለፈው ምን አልሽኝ? ሳምንቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥቢ ከርመሽ፣ በዕረፍት ቀንሽ ደግሞ የሰው ልጅ ሰብስበሽ በረዶ ላይ ጥርስሽን ታንቀጫቅጫለሽ፣ ያውም በነጻ፣ ምን አገኘሽበት አልሽኝ። ወረቀት አያቋርጠኝምና አሁን ቁጭ ብዬ ልመልስልሽ።

ከሰፈራችን ወጣ ብሎ፣ አውቶቡሱ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲደርስ፣ ጫካው ጫፍ ላይ አንዲት የእንጨት ቤት አለች። አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በቃ ይኸው ናት። የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነች። በበጋ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች እየሰበሰብን እዚያ እንወስዳቸዋለን። ዛፍ ይወጣሉ፣ እሳት ማንደድ ይማራሉ፣ ሳይጠፉ መመለስ ይማራሉ። የምናስተባብረው አራት ሰዎች ነን፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ የሰፈራችን ፋርማሲስት፣ አንድ ወጣት አናጢ፣ እና እኔ። ማንም ደመወዝ አይከፍለንም፤ ማንም አላስገደደንም።

እዚህ ክረምቱ እንደምታውቂው ዝናብ ሳይሆን በረዶ ነው። ብርዱ ሲገባ ቤቷ ትዘጋ ነበር፤ ልጆቹም እስኪሞቅ ድረስ ፎቅ ላይ ተቆልፈው ስልካቸው ላይ ያፈጣሉ። ድምቡሼ የመጀመሪያውን ክረምት እንዴት እንዳሳለፈችው አልረሳሽም። መስኮት ላይ ተለጥፋ፣ ከእኔ በቀር ከማንም ጋር ሳትነጋገር ነበር። አፏን የፈቱላት እነዚያ የበጋ ቅዳሜዎች ናቸው። ስለዚህ ቤቷ ዘንድሮ በክረምትም ትከፈትልን ብለን ስንጠይቅ፣ ለሰው ልጅ አዝኜ ብቻ አልነበረም። ልጄ ወደ መስኮቱ ትመለሳለች ብዬ ፈርቼ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ቁልፉን ሰጠን። ነገር ግን ብርዱ እስኪያልፍ ልጆች የማይገኙባት ከሆነ ቤቷ የአትክልተኞቹ ዕቃ ማስቀመጫ እንደምትሆን ቁርጡን ነገረን። ያ ከሆነ ደግሞ የበጋውም ፕሮግራም አብሮ ቀረ ማለት ነው፤ ሌላ መጠለያ የለንምና።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ እየተንጋጉ መጡ። ታዲያ ገና በረዶው መሬት ሲይዝ አንዲት ልጅ በሸራ ጫማ መጥታ፣ ከጫካ ስንመለስ የእግሯ ጣቶች ሰማያዊ ሆነው አገኘናቸው። ፋርማሲስቷ ብብቷ ሥር አድርጋ አሞቀቻቸው። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ እኛ ግን ነፍሳችን ወጣች። ያን ዕለት አራታችንም ተስማምተን ደንብ አወጣን፤ ቦት ጫማና ወፍራም ካፖርት የሌለው ልጅ አይገባም። በሩ ላይ የሚቆመው ሾፌሩ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ትኬት ሲያይ የኖረ ሰው ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም። ሰውየው ክፉ እንዳይመስልሽ። የሚመልሳቸውን ልጆች ከረሜላ እየሰጠ፣ ራሳቸውን እየዳበሰ ነበር የሚመልሳቸው። ግን ይመልሳቸው ነበር።

ከዚያ ልጆቹ መመናመን ጀመሩ። ሳምንት በሳምንት እየቀነሱ ሄደው፣ አንድ ቅዳሜ በምድጃው ዙሪያ የተቀመጡት ድምቡሼና ሁለት ጓደኞቿ ብቻ ሆኑ። ሾርባው ተርፎ እኛው ጨረስነው። ብርዱ አስፈራቸው አልን፤ የዛሬ ልጅ ቅምጥል ነው አልን። አናጢው ቁልፉን በገዛ እጃችን ብንመልስ ይሻላል እስከ ማለት ደረሰ። እኔም ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆድ ባሰኝ።

ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር ዳቦ ጋጋሪ አለች። በበጋው ከልጆቹ ሁሉ ቀንደኞቹ የእሷ ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ ትልቁ ዛፍ ላይ ሆኖ ሲጮህ ትንሹ ከሥር ይመልስለታል። እነሱም ቀርተዋል። ደረጃ ላይ ሳገኛት ታመው እንደሆነ ጠየቅኋት፤ የቤት ሥራ በዝቶባቸው ነው አለችኝ። በሌላ ቀንም ያንኑ አለችኝ። በሦስተኛው ዓይኔን በጨው አጥቤ መንገዷን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ዱቄት የነካውን ልብሷን እያራገፈች አጠገቤ ተቀመጠች።

«ልጆቼ ብርድ አይፈሩም» አለችኝ። «በሩን ነው የፈሩት። ትልቁ ቦት ጫማ አለው፣ ትንሹ የለውም። ሰውየው ትልቁን ግባ፣ ትንሹን ተመለስ አለው። ጓደኞቻቸው እያዩ። አሁን ትልቁ ወንድሜን ትቼ የትም አልሄድም ብሎ ቤት ቁጭ ብሏል።»

እትዬ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ጫማ እኔ እፈልግለታለሁ ልላት ስል ቀደመችኝ። ከማንም ምንም እንደማትፈልግ፣ ልጆቿን በላቧ እንደምታሳድግ ነግራኝ ብድግ አለች። ተናድዳ አልነበረም፤ ደክሟት ነው። ሌሎቹ ልጆችም ለምን እንደቀሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ብርድ ብርድ ስንል የከረምነው እፍረትን ነበር።

ማክሰኞ ማታ ፋርማሲው ከተዘጋ በኋላ ከመድኃኒቱ መደርደሪያ ጀርባ ተሰበሰብንና ነገርኳቸው። ፋርማሲስቷ ልብስና ጫማ ሰብስበን በየቤታቸው እናድርስ አለች። እኔ ደግሞ ያቺን ሴት በሯን አንኳኩተን ፌስታል ብንሰጣት ዳግመኛ ዓይናችንን አታየውም አልኩ። ደንቡን እናንሳው ብንል ደግሞ የዚያች ልጅ ጣቶች አሉ። ሾፌሩ ይህን ሁሉ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። ያ ግዙፍ ሰውዬ ቅስሙ ተሰብሮ ሳየው አንጀቴን በላው። እኔም እኮ ደንቡ ሲወጣ እጄን ያወጣሁ ነኝ። ጉዳዩ መላ ጠፍቶለት ልንበተን ስንል ቀና አለ።

«እንግዲያው ሁላችንም እናውልቅ» አለ። «ያለውም የሌለውም፣ እኔም ጭምር።»

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ወደ ቤቷ የመጣ ሰው ሁሉ፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ የራሱን ካፖርትና ጫማ በር ላይ አውልቆ ይሰቅላል። ከዚያ የቤቷን ይለብሳል። የቤቷን ሳይለብስ ጫካ የሚገባ የለም። ስለዚህ ማን ምን ለብሶ እንደመጣ ማንም አያይም፤ ለማንም የተሰጠ ነገር የለም፣ ሁሉም የቤቷ ነው።

የዚያን ሰሞን ሩጫችንን ብታይ። ፋርማሲስቷ ለደንበኞቿ መድኃኒት ስትሰጥ ቁም ሳጥናቸውን ፈትሹ ትላለች። አናጢው ግድግዳውን በሙሉ መስቀያ መታበት፣ ከታች ለትንንሾቹ ከላይ ለትልልቆቹ። ልብሱ ሁሉ እኔ ቤት መጣ። አለቃዬ ማታ ማታ የሥራ ቤቱን ማሽን እንድጠቀም ፈቀደችልኝ፤ እሷም ቆይታ አብራኝ አጠፈች። ያቺ ሰላምታ የማትመልሰው ሴትዮ ማለቴ ነው፤ ምን ያህል እንዳማኋት ታስታውሻለሽ፣ አሁን ሐሜቴን ሁሉ መልሺልኝ። ችግሩ ሰው የለገሰን እንደየመጠናችን አልነበረም። የልጆች ሞልቶ ተረፈ፤ ለአዋቂ የሚሆነው ግን ጥቂት ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። ዳቦ ጋጋሪዋን አዲስ ደንብ አውጥተናል፣ ልጆቹን ላኪያቸው ብዬ ብቻ ነበር የነገርኳት። ረፋዱ ላይ ሁለቱን ወንድማማቾች አየናቸው። መጡ፣ ግን ከአጥሩ አላለፉም። ትልቁ የትንሹን እጅ ይዞ ቆሟል። እኔ ልጠራቸው ስል ሾፌሩ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ። የደረሰው የሴት ካፖርት ነበር፤ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት፣ እጅጌው ክርኑ ላይ የቀረ፣ ቁልፉ ሆዱ ላይ እንቢ ያለ። ጫማውን አላያቸውም፣ ግቡም ተመለሱም አላላቸውም። በእጁ የያዘውን የራሱን ካፖርት ደጁ ላይ ባለው ምስማር ሰቀለና እንደ ሙሽራ ዞር ዞር ብሎ አሳያቸው። ትንሹ ልጅ ሳቁ አመለጠው። ሳቁን ይዞ እየሮጠ ገባ፤ ትልቁም ከኋላው። ጫማቸውን ከሌላው ጫማ ጋር አስቀምጠው ከመስቀያው ሲመርጡ ዞር ብሎ ያያቸው ሰው አልነበረም። እኔ ምድጃው ውስጥ እንጨት የምጨምር መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ጭሱ ነው እንዳልል ጭስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወሬው በየደረጃው ሄደ። የቀሩት ተመለሱ፣ መጥተው የማያውቁትም መጡ። በረዶ ላይ የአውሬ ዱካ እየተከተሉ፣ መንሸራተቻ እየጎተቱ፣ ጉንጫቸው ፍም መስሎ ይመለሳሉ። ድምቡሼ አንድ ቀን የትንንሾቹ መሪ ሆና ከፊት ስትሄድ፣ ድምፅዋ ከጫካው ውስጥ ሲያዝዝ ሲናዝዝ ሰማሁት። ቁርጥ የአንቺ ድምፅ ነው። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሹም ሳይነግረን የመጣ ዕለት በረዶው ይወርድ ነበር። ሾፌሩ እንደማንኛውም ሰው ካፖርትዎን አውልቀው ይስቀሉ አለው። ሰውየው እምቢ ሊል አሰበ መሰለኝ፤ ግን ያ ሁሉ ልጅ ተሰልፎ ያየዋል። አወለቀ። ሁለት ዓይነት ቦት ጫማና ጆሮው ላይ ኳስ የተንጠለጠለበት ኮፍያ ደረሰው። የዳቦ ጋጋሪዋን ትንሹን ልጅ በመንሸራተቻ እየጎተተ ሲሮጥ በቂጡ ዘጭ አለ፤ ተነሥቶ እየሳቀ መጎተቱን ቀጠለ። ሲሄድ ቁልፉ እኛው ዘንድ እንደሚቆይ፣ ለመጪው ክረምትም እንዳናስብ ነገረን።

እንግዲህ ምን አገኘሽበት ላልሽኝ፣ ያገኘሁት ይኼን ነው። እዚህ ስመጣ ማንም አያውቀኝም ነበር። አሁን ታምሜ ብውል ፋርማሲስቷ በሬን ታንኳኳለች፣ መደርደሪያዬ ቢወድቅ አናጢው አለ፣ ልጄ ጓደኞቿን ይዛ መጥታ ቤቴን ትገለብጠዋለች። ፈጣሪዬን ሳመሰግን ድሮ ስለ ጤና ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ምስጋናዬ ረዝሞ እንቅልፍ እየወሰደኝ መሐል ላይ ይቋረጣል። አንቺንም አመሰግናለሁ። ባትቆጪኝ ኖሮ ይህን ሁሉ ቁጭ ብዬ አላስበውም ነበር።

ያለፈው ቅዳሜ የክረምቱ መጨረሻ ነበር፤ በረዶው እየቀለጠ ከጣሪያው ይንጠባጠባል። ሾፌሩ ሐኪሙ ብርድ ላይ መቆም እንደከለከለውና ከእንግዲህ ምድጃው ጥግ ሾርባ ቢያማስል እንደሚሻለው ነገረን። ልጆቹ ከአናጢው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ ጫካ ሄደው ነበር። በመጪው ክረምት በሩ ላይ ማን ይቁም ብለን እርስ በርስ ስንተያይ ዳቦ ጋጋሪዋ ደረሰች። ከሥራ በቀጥታ ልጆቿን ልትወስድ ነው የመጣችው። ደጁ ላይ ሆና ንግግራችንን ሰምታ ኖሯል። የራሷን ካፖርት አውልቃ ሰቀለች፤ ያንን ባለ አበባውን ካፖርት አንሥታ ለበሰችና የካፖርቱን ቁልፎች እየቆለፈች ደፉ ላይ ቆመች። ልክ የተሰፋላት ያህል ሆነላት። ልጆቹ እየጮሁ ከጫካው ሲመለሱ፣ ለሁለቱ ወንድማማቾች በሩን የከፈተችላቸው እናታቸው ነበረች።

እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን ራሷ ታንብበው፣ ዓይኗ ይፈተን። ለጋሼ የላክሁለት ሹራብ ደረቱን ይሸፍንለታልና በቤት ውስጥም ቢሆን አያውልቀው። ትልቁን ልጅሽን ፈተናው እንዲቀናው እጸልይለታለሁ በይው፤ ትንሿን ደግሞ ድምቡሼ በጣም እንደናፈቀቻትና የላከችላት ጓንት የራሷ የእጅ ሥራ እንደሆነ ንገሪልኝ፤ አውራ ጣቱ ቢጠብ እንዳትስቅባት። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ፣ በተለይ እኔን ካዘለችኝ ከእትዬ ነርሷ ጀምሮ፣ እጅ ነሥቻለሁ። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽን ሸፍኚ፣ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውጪ። በጣም ነው የምወድሽ።

እስከ ዘለዓለም ታናሽሽ

ከአራተኛው ፎቅ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
መጋቢት 4 ቀን