ባትሪውን አልቀይርም

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከአጎታችን ጋር ከመጣላቴ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

«የልጁ ክፍል ይከራይ» ብሎኝ መጣ። «ሰው አለበት» ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ እልህ ይዞኝ፣ ከጥገና ቤቴ የድሮ ዕቃ ለቃቅሜ ያን አሮጌ ኮምፒውተርህን ከሞት አስነሳሁት። ቦርጫሙ ስክሪን፣ ሲነኩት የሚንጣጣው ኪቦርድ፣ ሁሉም ጠረጴዛህ ላይ ናቸው። ዲስኩ ስላልተበላሸ ያው የጥንቱ ዊንዶውስህ ነው ያለበት። የመኪና ውድድር ጨዋታህም ይሠራል፤ ስምህ አሁንም አንደኛ ላይ ተቀምጧል። ልበልጥህ ሞክሬ አቃተኝ፤ ደስ አይበልህ!

አንድ እንከን ብቻ አለው። ሰዓቱን የምትይዝለት ትንሽ ባትሪ ስለሞተች፣ አጥፍቼ ባበራሁት ቁጥር ቀኑን ረስቶ ወደ ተሠራበት ዓመት ይመለሳል። አጎታችን ይህን አይቶ «ባለሙያ ተብለሽ ባትሪ መቀየር አቃተሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ ምን ያውቃል! አልቀይርም። በዚያ ዓመት አንተ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ «አትንኪብኝ!» እያልክ ትጮህብኛለህ።

ላለፉት ደብዳቤዎቼ መልስ ስላልጻፍክ አልተቀየምኩም፤ ስንፍናህን አውቀዋለሁ። ፖስታ ቤት ያለችው ሴትዮ ግን «ዛሬም የለም» ማለት ታክቷት፣ ገና ከበሩ ስታየኝ አንገቷን ትደፋለች። እኔ እንደሆንኩ መሄዴን አልተውም።

በል፣ ራስህን ጠብቅልኝ። መጻፍ ከከበደህ አድራሻዬን ብቻ በገዛ እጅህ ጽፈህ ባዶ ፖስታ ላክልኝ፤ የእጅ ጽሑፍህን ካየሁ ይበቃኛል።

እልኸኛዋ እህትህ