ዘጠኝ ደረጃና ዘጠኝ ሜትር ጣውላ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ በከባድ ሐዘን የማስታውቅሽ ጉዳይ አለ። በትምህርት ቤታችን ለረጅም ዓመታት በታማኝነት ሲያገለግል የቆየው «መፈንቅል» የተባለው ቃል፣ በያዝነው ወር በአምስት ድምፅ ለአንድ ከሥራው ተሰናብቷል። በቦታውም «ማንሻ» የተባለ ቃል በጊዜያዊነት ተሹሟል። ያቺ አንዷ የተቃውሞ ድምፅ የእኔ ናት። ቃሉ ምን በድሎ እንደተባረረ ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን ሰቅዞ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? እህልስ ይወርድልሻል? አሠሪዎችሽ ሐዘንሽን አይተው ጥቂት ቀን ሰጡሽ ወይስ በዚያው ዕለት የሰው ሸሚዝ ስትተኩሺ ዋልሽ? እኛ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። «አለን» ይበቃናል።

አጎታችን የአባባን ማረፍ በስልክ ሲያረዳሽ፣ ጮኸሽ ጮኸሽ ዝም ካልሽ በኋላ የጠየቅሽው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወርክሾፑ ወርደው ነበር ወይ?» ስልኩን ተቀብዬ ከየት እንደምጀምርልሽ ሳሰላ ቆየሁ። አንቺም መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ዘጋሽው። አልተቋረጠም ነበር። መልሱ ይኸውልሽ፤ ትንሽ ይረዝማልና ታገሺኝ።

እንደምታውቂው አባባ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከላይኛው ክፍል ወርደው አያውቁም። አርባ ዓመት እንጨት ሲልጉ የኖሩ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ በመስኮት የወርክሾፓቸውን ጣሪያ ሲያዩ ይውላሉ። በመሃል ያለው ዘጠኝ ደረጃ ነው። አዝዬ ላውርድዎ ብዬ ጀርባዬን ብሰጣቸው፣ «ጆንያ ነኝ እንዴ? ደግሞ ያንተ ጀርባ ከጠመኔ ሌላ ምን ተሸክሞ ያውቃል?» አሉኝ። በራሳቸው ዊልቸር፣ እንደ ሰው ቀና ብለው ካልሆነ አልወርድም አሉ።

ያን ሰሞን ለአራተኛ ክፍል ልጆች ስለ ቀላል ማሽኖች የማስተምርበት ጊዜ ነበር። መጽሐፉ ስድስት ሥዕል አለው፤ ሥዕል ደግሞ ምንም ነገር አያነሣም። ስለዚህ ልጆቹን እየነዳሁ ቤት አመጣኋቸውና ወንበሩን ለአባባ ለቀቅሁ። ምን ልበልሽ፣ እኔ በወር የማልጨርሰውን በአንድ ከሰዓት ጨረሱት። ብሎኑን አንሥተው «በጉልበት እምቢ ያለውን በመዞር እሺ የሚያሰኝ» አሉ። ሽብልቁን ደግሞ «በቀጭኑ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ቤቱን ለሁለት ይከፍላል፤ እንደ አማች ነው» አሉ። እማዬ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ከልጆቹ መካከል ወይዘሮ ለምን የምንላት አንዲት ልጅ አለች። እጇን አወጣችና፣ «ቀላል ማሽን ለምን ቀላል ተባለ? የአባቴ ጋሪ በጣም ከባድ ነው» አለች። አባባ አልሳቁባትም። «ማሽን ክብደት አይቀንስም ልጄ፤ መንገዱን ያስረዝመዋል እንጂ። መንገድ ሲረዝም ሸክም ይቀላል» አሏት። ከመጽሐፉ ይሻላል ብዬ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፣ ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። አንቺም ገልብጪው፤ መንገድ ሲረዝም ሸክም ይቀላል።

ከዚያ ለዊልቸሩ ተዳፋት መሥራት ጀመርን። ሒሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሦስት ሜትር ጣውላ ከላይኛው ደረጃ ወደ ታች አጋደምንና ባዶውን ዊልቸር ለሙከራ ለቀቅነው። ዊልቸሩ ግቢውን አቋርጦ የልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን የተሰጣ ቀሚስ ለብሶ ቆመ። አባባ በመስኮት አይተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «መምህር፣ ይሄ ተዳፋት አይደለም፣ ገደል ነው። ዘጠኝ ሜትር አድርገውና መሃሉ ላይ እጠፈው» አሉኝ። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጣውላ ፍለጋ ተሰማራን። የቁም ሳጥኑ ጀርባ ሄደ፣ የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ሄደ፣ አሁንም አንድ ጎደለ። የአንቺ አልጋ አለ ብላቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «የእሷን አልጋ እንዳትነካ። ስትመጣ ምን ላይ ልትተኛ ነው?» አሉ። ዓመት ሙሉ መምጫሽን ያልጠየቁት ረስተውሽ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከስድስቱ ቀላል ማሽኖች አንዱ የሆነው መፈንቅል ጉድ የሠራኝ ይኼኔ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ብረት ከተው፣ በአንድ ድምፅ «መፈንቅል፣ መፈንቅል» እያሉ ሲያነሡት ዘበኛው ሰምቶ እየሮጠ ለዳይሬክተሩ ነገረ። ዳይሬክተራችን መፈንቅልን የሚያውቁት ከመንግሥት ጋር ሲሄድ ብቻ ነው። ጠሩኝና «መፈንቅለ ምን?» አሉ። መፈንቅል ብቻ ነው አልኳቸው። «ብቻውን የሚሄድ መፈንቅል አይቼ አላውቅም። ቀጣዩን ቃል የት ደበቅኸው?» አሉ። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ልጆቹ ወደ እኛ ቤት እንዳይመጡ፣ እኔም በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ለስብሰባ እንድቀር ታዘዘ።

በመጀመሪያው ቀን «እሺ፣ ማንሻ ይሁን» ብል ኖሮ በማግስቱ ምስማር እንመታ ነበር። ዳይሬክተሩም በግልጽ ለምነውኝ ነበር። ምላሴን ታውቂያት የለ? ስድስት ቀን ሙሉ ለአንድ ቃል ክብር ተሟገትኩ። አንዳንዱ ንግግሬ እንዲያውም አስቋቸዋል። አባባ በስድስቱም ቀን በመስኮቱ ሥር ሆነው «ዛሬም ልጆቹ አልመጡም እንዴ?» ሲሉ ነበር አሉ። በሰባተኛው ቀን ቃሉ ተባረረ፣ ልጆቹ ተፈቀደላቸው። እየተንጫጫን ስንደርስ እማዬ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችን። «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ተኝተዋል» አለች። ወይዘሮ ለምን እንኳ ያን ቀን ለምን አላለችም።

ተዳፋቱን በዚያው ዕለት ጨረስነው። የጎደለችውን ጣውላ ከአልጋሽ ነቀልኩ፤ የአባባን ቃል አፈረስኩና ይቅር በይኝ። በማግስቱ የአስከሬን ሳጥናቸው በደረጃው አልተንገዳገደም። ተሸካሚዎቹ በዘጠኙ ሜትር ላይ ቀና አድርገው፣ ቀስ አድርገው አወረዷቸው። መታጠፊያው ላይ የረገጧት የአንቺ ጣውላ ናትና አባቴን አልተሸከምኩም አትበይ። ወርክሾፑ ጋ ስንደርስ አስቆምኳቸውና በሩን ከፈትኩት። ሰጋቱራው ይሸታል። መላጊያው ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጡት ተቀምጧል። እንግዲህ የጥያቄሽ መልስ ይኸው ነው፤ ወርደዋል፣ አላዩትም።

እማዬ ጉንጭሽን ደጋግማ ትስምሻለች፤ ተዳፋቱም አይነሣ ብላለች። አጎታችን በጥድፊያ ስላረዳሽ እስካሁን አፍሮ ነው ያለው፤ ሰላም በልልኝ ብሏል። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ትልሻለች፤ ዊልቸሩን ይቅር ብላዋለች፣ እኔን ገና እያሰበችበት ነው። ወይዘሮ ለምን ደግሞ «እህትዎ መቼ ነው የሚመጡት?» ብላ ጠይቃለች። ስትመጪ አልጋሽ መሃሉ ላይ አንድ ጣውላ የለውምና ወደ ግድግዳው ተጠግተሽ ተኚ።

የማይረባው ወንድምሽ

ከላይኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ቅዳሜ፣ የካቲት 19 ቀን

ማረሚያ፦ ከላይ «መንገድ ሲረዝም ሸክም ይቀላል» ተብሎ የተገለጸው ለበርሜል፣ ለድንጋይና ለሳጥን ብቻ የሚያገለግል ሆኖ ሳለ፣ በስህተት ያለ ገደብ ተጽፏል። ሩቅ ላለ ሰው የማይሠራ መሆኑን በስልክ ከሰማነው ድምፅሽ ያረጋገጥን ስለሆነ፣ ገልብጠሽው ከሆነ እንድትሰርዢው በትሕትና እናሳስባለን።